ስለ ዩኒክስ ቧንቧና ስለ ዝምታው

በ1974 ዴኒስ ሪቺና ኬን ቶምፕሰን የተባሉ ሁለት የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች፣ ዩኒክስ ብለው ስለ ሰየሙት የኮምፒዩተር ሥርዐት፣ ኤ.ሲ.ኤም. በተባለው የኮምፒዩተር ማኅበር ወርኃዊ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጽሑፉ በ1973 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በዮርክታውን ሃይትስ በተደረገ ጉባኤ ላይ አስቀድሞ ቀርቦ ነበር። ርዝመቱ 11 ገጽ ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ለየብቻቸው የሚሠሩ ሁለት ፕሮግራሞች እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚያስረዳው ክፍል ከጥቂት አንቀጾች አያልፍም። የቡናው አቦል ተቀድቶ እስኪጠጣ ድረስ ተነብቦ ያልቃል። ዳሩ ግን በነዚህ ጥቂት አንቀጾች የተገለጸው «ቧንቧ» የተባለው ዘዴ፣ ይኸው ከ50 ዓመት በላይ አልፎት፣ ዋናው ጠባዩ ሳይለወጥ ዛሬም ይሠራል። እኛም ተማሪዎች ዘወትር እንጠቀምበታለን።

ብዙ የተመሰገነ ሥራ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይኖራል። ስለ ቧንቧ በየመማሪያው መጽሐፍ የምናነበው ከሞላ ጐደል ምስጋና ነው፤ ምስጋናውም ይገባዋል። የእኛ ዐላማ ምስጋናውን ለመንጠቅ ሳይሆን በሚዛን ላይ ለማስቀመጥ ነው። የምንከራከርበትም ነጥብ ይህ ነው። ሪቺና ቶምፕሰን በጽሑፋቸው ውስጥ የቧንቧውን አንድ ጉድለት በግልጽ ተናግረዋል፤ የተናገሩት ግን ቀላሉን ነው። ከባዱን ጉድለት፣ ይኸውም አንደኛው ፕሮግራም ሥራውን ፈጽሞ ይሁን ወይም በመካከል ሞቶ ዝም እንዳለ ሌላው ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ አለመኖሩን፣ ሳይተነትኑት አልፈዋል።

ነገሩ እንዲገባን ከግድግዳው እንጀምር። በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ግቢ ውስጥ እንደሚኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ለየራሳቸው ክፍል፣ ማለት ለየራሳቸው ሜሞሪ አላቸው። አንደኛው ፕሮግራም «በ1000ኛው ሥፍራ ያለው ቁጥር» ቢል፣ የሁለተኛው ፕሮግራም 1000ኛ ሥፍራ ሌላ ነው፤ አንዱ የሌላውን ማየትም መንካትም አይችልም። ይህ ግድግዳ በስሕተት የተሠራ አይደለም። ግድግዳው ባይኖር ኖሮ የአንዱ ፕሮግራም ጥፋት የሌላውን ሥራ ባበላሸ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ መነጋገር ሲፈልጉ፣ ግድግዳውን የሠራው ራሱ፣ ማለት ከርነል የሚባለው የሥርዐቱ እምብርት፣ በር ሊከፍትላቸው ይገባል። ጥያቄውም ምን ዐይነት በር ይሁን የሚለው ነው።

አንደኛው መልስ ግድግዳውን በከፊል አፍርሶ ሁለቱ በጋራ የሚጽፉበትና የሚያነቡበት የሜሞሪ ሥፍራ መስጠት ነው። ይህ ከሁሉ የፈጠነ መንገድ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ገና እየጻፈ ሳለ ሌላው ግማሹን እንዳያነብ ተራ የሚያስከብር ዘበኛ ያስፈልገዋል። ሆላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በ1965 በጻፉት ጽሑፍ ሴማፎር የተባለውን ዘበኛ በሰፊው አስረድተዋል። ስለዚህ መንገድ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ራሱን የቻለ ጥናት ስለሚጠይቅ እዚህ አንገባበትም። የሪቺና የቶምፕሰን መልስ ሌላ ነው።

የሐሳቡ አባት ከሁለቱ አንዱ አልነበሩም። በዚያው በቤል ላቦራቶሪ የሚሠሩት ዳግላስ ማክኢልሮይ በ1964 በጻፉት አጭር ማስታወሻ ላይ፣ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እየተቀጣጠሉ ቢሠሩ መልካም እንደ ሆነ አሳስበው ነበር። ሐሳቡ ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1973 ቶምፕሰን በዩኒክስ ውስጥ ሠሩት። አንዱ ፕሮግራም የሚጽፈው በቧንቧው በአንድ ጫፍ ይገባል፤ ሌላው በሁለተኛው ጫፍ ያነበዋል። ተጠቃሚው በሁለቱ ፕሮግራሞች ስም መካከል አንዲት የቆመች መስመር መጻፍ ብቻ ይበቃዋል፤ የቀረውን ሼል የተባለው ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም ያዘጋጅለታል።

የዚህ ዘዴ ውበት በሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ጸሐፊው ፕሮግራም ወደ ፋይል ይጻፍ ወይም ወደ ቧንቧ ማወቅ አያስፈልገውም፤ አንባቢውም እንዲሁ። ከዚህ የተነሣ ከቧንቧ በፊት የተጻፉ ፕሮግራሞች እንኳ ብዙም ሳይለወጡ ሊቀጣጠሉ ቻሉ። ሁለተኛ፣ መጠበቅ ራሱ በዘዴው ውስጥ ገብቷል። በቧንቧው ውስጥ ምንም ከሌለ አንባቢው እንዲያንቀላፋ ይደረጋል፤ ቧንቧው ከሞላ ደግሞ ጸሐፊው ያንቀላፋል። በ1975 በወጣው በስድስተኛው የዩኒክስ ዕትም የቧንቧው መጠን 4096 ባይት ነበር፤ በሊኑክስ ከ2005 ወዲህ እንደ ልማድ የሚሰጠው መጠን 65536 ባይት ነው። ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይጠብቃል፤ ማንም «ጠብቅ» ብሎ የጻፈ የለም። ይህን ለመሥራት ሌሎች ሥርዐቶች ብዙ ገጽ ትእዛዝ ያስጽፉ ነበር።

ሪቺና ቶምፕሰን የተናዘዙት ጉድለት ቧንቧው በዘመዳሞች መካከል ብቻ የሚሠራ መሆኑን ነው። ቧንቧውን አስቀድሞ የሚያበጅ አንድ የጋራ አያት ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ ልጆቹ ከእርሱ ይወርሱታል። ባዕዳን የሆኑ ሁለት ፕሮግራሞች በቧንቧ ሊገናኙ አይችሉም። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በኋላ የመጡት በቀላሉ አቃኑት። በዩኒክስ ዝርያዎች ውስጥ ስም ያለው ቧንቧ ተጨመረ፤ በ1983 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የወጣው የዩኒክስ ዕትም ደግሞ ሶኬት የተባለውን ዘዴ አመጣ፤ በእርሱም ዘመድ ያልሆኑ፣ እንዲያውም በተለያየ አገር ባሉ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ይነጋገራሉ። ስለዚህ በዚህ ላይ አንዘገይም።

አሁን ወደ ምሳሌው እንመለስ። የማክኢልሮይ ምሳሌ የውሃ ነው። የውሃ ምሳሌ ግን ሳያስቡት አንድ ነገር ይሸሽጋል። ሁለት ጣሳ ውሃ በአንድ እንስራ ውስጥ ቢገለበጥ፣ የቱ የፊተኛው የቱ የኋለኛው እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ውሃ ውሃ ነው። ቃል ግን እንደዚህ አይደለም። ቃል መነሻና መድረሻ አለው። ቧንቧው ባይት ከባይት ጋር እያገጣጠመ ያፈሳል እንጂ፣ አንድ መልእክት የት እንዳለቀና ሌላው የት እንደ ጀመረ አያውቅም። ጸሐፊው ሦስት ጊዜ ቢጽፍ አንባቢው በአንድ ጊዜ ሁሉንም ሊያገኝ ይችላል፤ ወይም የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን እኩሌታ።

ይህ ጉዳይ በተለይ እኛን በግዕዝ ፊደል የምንጽፈውን ይመለከታል። በእንግሊዝኛ ፊደል እያንዳንዱ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ስለሚይዝ፣ ቧንቧው የትም ቢቆርጥ ፊደል አይሰብርም። ምናልባትም የዘዴው ፈጣሪዎች ጉዳዩን ያላሰቡበት ስለዚህ ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን ዩ.ቲ.ኤፍ.-8 በተባለው አጻጻፍ ሦስት ሦስት ባይት ይይዛል። «ሀ» ለምሳሌ 225፣ 136 እና 128 የተባሉ ሦስት ቁጥሮች ናት። አሁን አንባቢው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ 4096 ባይት ያነባል እንበል። 4096 ለሦስት ሲካፈል 1365 ይደርሳል፤ አንድ ይተርፋል። ስለዚህ ንባቡ 1365 ሙሉ ፊደላት አግኝቶ፣ በመጨረሻ ከ1366ኛው ፊደል አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይዞ ይቆማል። መጠኑን 65536 ብናደርገውም ውጤቱ ያው ነው፤ እርሱም ለሦስት ሲካፈል አንድ ይተርፈዋል። (በቃላት መካከል ባዶ ሥፍራ የምንተው ከሆነ ባዶው አንድ ባይት ስለሆነ ስሌቱ ይናወጣል፤ እንደ ጥንቱ ሁለት ነጥብ የምናደርግ ከሆነ ግን ነጥቡም ሦስት ባይት ስለሚይዝ ስሌቱ ልክ ይሆናል። የጥንት ጸሐፊዎቻችን በዚህ ረገድ ለሒሳብ ይመቻሉ።)

ታዲያ አንባቢውን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ይህን ካላሰበበት፣ የተሰበረውን ፊደል እንደ ስሕተት ቆጥሮ በእርሱ ፈንታ የጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር ቅርጽ ያትማል። ቀጥሎ በሚመጣው ንባብ ላይ የቀሩት ሁለት ባይቶች ባለቤት አጥተው ይቀርባሉ፤ እነርሱም እንደዚያው ይበላሻሉ። በአንድ ረዥም የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ፣ በየአራትና በየአምስት ገጹ ርቀት አንድ ፊደል ጠፍቶ በቦታው ጥቁር ምልክት ቢገኝ፣ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ጸሐፊውን ይከሳል፤ ጸሐፊው ግን ምንም አላጠፋም።

መድኀኒቱ ከማን እንደ መጣ ማወቅ የሚያስደንቅ ነው። ዩ.ቲ.ኤፍ.-8 በ1992 ተሠራ፤ ከሠሩት ከሁለቱ ሰዎች አንዱ የቧንቧው ሠሪ ኬን ቶምፕሰን ራሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛው ሮብ ፓይክ ይባላሉ። የሥራው ጥበብ ወሰኑን በመልእክቱ ውስጥ ማስገባቱ ነው። የአንድ ፊደል የመጀመሪያ ባይት ከእርሱ ኋላ ስንት እንደሚከተሉ ይናገራል፤ ተከታዮቹ ደግሞ ሁሉም ከ128 እስከ 191 ባለው መካከል ስለሚውሉ ከመሪው ጋር አይምታቱም። ለምሳሌ 225ን ያየ አንባቢ ሁለት እንደሚቀሩት ያውቃል፤ ባይመጡለት እስኪመጡ ያስቀምጠዋል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው ከሰባት ዓመት በኋላ በ1999 ቢሆንም፣ አጻጻፉ አስቀድሞ የተዘጋጀለት ሆኖ አገኘው። ቶምፕሰን በ1973 በቧንቧው ላይ ያልጻፉትን ወሰን በ1992 በፊደሉ ላይ ጻፉት ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም፤ ለዚያ አስበው እንደ ሆነ ግን አንናገርም።

ቧንቧው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ መሆኑም አንድ ሌላ ችግር ያስከትላል፤ በአጭሩ እንለፈው። ጥያቄና መልስ የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ሁለት ቧንቧ ይዘረጋሉ፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ። የመጀመሪያው ፕሮግራም የሚልከውን ሁሉ ሳይጨርስ መልስ አላነብም ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው የተላከለትን እያነበበ መልሱን ይጽፋል። መልሱን የሚያነበው ስለሌለ የመመለሻው ቧንቧ ይሞላል፤ ሁለተኛው ይቆማል፤ ስለቆመም ማንበብ ይተዋል፤ ስለዚህ የመሄጃው ቧንቧም ይሞላል፤ የመጀመሪያውም ይቆማል። በበር ላይ ተገናኝተው «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ» የሚባባሉ ሁለት ሽማግሌዎች መጨረሻ አንዱ ይገባል፤ ፕሮግራሞቹ ግን የሚገላግል ካልመጣ እንደ ቆሙ ይቀራሉ። ከሁሉ የከፋው፣ የሚላከው ትንሽ በሆነ ጊዜ ሁሉ ችግሩ ጨርሶ አለመታየቱ ነው። በሙከራ ጊዜ 100 ስም ተልኮ ደኅና ይሠራል፤ በሥራ ቀን 100000 ስም ሲላክ ዝም ይላል።

ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። አንባቢው ፕሮግራም ነገሩ ማለቁን የሚያውቀው ጸሐፊዎቹ ሁሉ የቧንቧውን ጫፍ ሲዘጉ ነው። ያን ጊዜ ከርነሉ «ከእንግዲህ የለም» ይለዋል። ይሁን እንጂ ፕሮግራም በማናቸውም ምክንያት ሲያልቅ ጫፉን የሚዘጋው ከርነሉ ነው። ሥራውን ፈጽሞ በሰላም የወጣ ፕሮግራምና ሜሞሪ አልቆበት በመካከል የተገደለ ፕሮግራም በቧንቧው ሌላ ጫፍ ለተቀመጠው አንድ ናቸው። ሁለቱም «ከእንግዲህ የለም» ናቸው።

አንድ ምሳሌ እናስብ። የአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ የፈተና ውጤት ለማውጣት ሦስት ፕሮግራሞችን በቧንቧ ይቀጣጥላል። የመጀመሪያው ከመዝገቡ የእያንዳንዱን ተማሪ ስምና ነጥብ ያወጣል፤ ሁለተኛው በፊደል ተራ ያሰልፋል፤ ሦስተኛው ያትማል። መዝገቡ የ3000 ተማሪዎች ነው እንበል፤ የመጀመሪያው ፕሮግራም 1800ውን አውጥቶ ይሞታል። ሁለተኛው «ከእንግዲህ የለም» የሚለውን ቃል ሰምቶ 1800ውን በደስታ ያሰልፋል፤ ሦስተኛው ያትማል። ሼሉም የመጨረሻው ፕሮግራም በሰላም ስለጨረሰ «ሁሉም ደኅና ነው» ይላል።

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንፈልጋለን። ዝርዝሩ በፊደል ተራ የተሰለፈው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የተቆረጠበት ቦታ አይታይም። ከ«ሀ» ጀምሮ እስከ «ፐ» ድረስ ሙሉ ዝርዝር ይመስላል። የጎደሉት 1200 ስሞች በየመካከሉ ተበትነው ጎደሉ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ስሙን የሚፈልግ ተማሪ ከበላዩና ከበታቹ የሚያውቃቸውን ጓደኞቹን ስም ያገኛል፤ የራሱን ያጣል። ወረቀቱ አልተቀደደም፣ ቀለሙ አልደበዘዘም። ታዲያ ምን ብሎ ያስባል? «ወድቄአለሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለ ኮምፒዩተር የሚጻፍ ሰው እንዲህ ያለውን «ጥቃቅን ጉድለት» ብሎ ሲያልፈው ስናይ የምንቃወመው ስለዚህ ነው። የደመወዝ ዝርዝር፣ የሆስፒታል መዝገብ፣ የመራጮች ዝርዝር በዚህ ዐይነት መንገድ ሊያልፉ ይችላሉ።

የሞቱ ወሬ ጨርሶ አይነገርም ማለታችን አይደለም። በዩኒክስ ውስጥ አንድ ፕሮግራም ሲያልቅ እንዴት እንዳለቀ የሚያመለክት ቁጥር ለወላጁ ይደርሳል፤ ይህንን ሪቺና ቶምፕሰን ራሳቸው በጽሑፋቸው አስረድተዋል። እንግዲህ መርዶው ለወላጅ ይነገራል፤ አብሮት ሲሠራ ለነበረው ለጎረቤቱ ግን አይነገርም። ወላጁ ሼል ደግሞ የልጆቹን ሁሉ መርዶ ይሰማና የመጨረሻውን ልጅ ዜና ብቻ ለሰው ያወራል። ከዚህም በላይ የሚገርም አለ። አንባቢው ቀድሞ ቢሞት፣ ጸሐፊው በቀጠለ ጊዜ ከርነሉ «የሚያነብልህ የለም» ብሎ ምልክት ይልክበታል፤ ምልክቱም እንደ ልማዱ ጸሐፊውን ያስቆመዋል። ለጸሐፊው የተደረገው ጥንቃቄ ለአንባቢው አልተደረገም። ከሁለቱ ይበልጥ መጠበቅ የሚገባው ማን እንደ ነበረ መፍረዱን ለአንባቢ እንተዋለን።

«በዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ አይታወቅም ነበር» የሚል ሊኖር ይችላል። ይታወቅ ነበር። ፔር ብሪንች ሃንሰን የተባሉት የዴንማርክ ሰው ሬግኔሴንትራለን በተባለው ድርጅት ውስጥ አር.ሲ. 4000 ለተባለው ኮምፒዩተር የሠሩትን ሥርዐት በ1970 በዚያው መጽሔት ላይ አትመዋል። በዚያ ሥርዐት ፕሮግራሞች የሚነጋገሩት በአራት ትእዛዝ ነው፤ መልእክት መላክ፣ መልእክት መጠበቅ፣ መልስ መላክ፣ መልስ መጠበቅ። መልእክቱ ወሰን አለው። ከማን እንደ ተላከም ከርነሉ ራሱ ይመዘግባል፤ ስለዚህ ላኪው በሰው ስም ሊያጭበረብር አይችልም። ከሁሉ በላይ ግን የተላከለት ፕሮግራም ከሌለ፣ ከርነሉ በእርሱ ፈንታ ባዶ መልስ ይመልሳል፤ ከመልሱም ጋር ይህ ከተቀባዩ የመጣ ሳይሆን ተቀባይ ስለታጣ የተሰጠ እንደ ሆነ ይገልጻል። በአገራችን ቃል ይዞ የተላከ ልጅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «ከእገሌ ተልኬ ነው» ብሎ ይጀምራል፤ መልስ ሳይዝ አይመለስም፤ ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኘው እንኳ «ሰውዬው የሉም» የሚል ወሬ ይዞ ይመለሳል።

በብሪንች ሃንሰን ሥርዐት ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ እርሱንም መሸሸግ አይገባንም። መልእክቱ አጭርና መጠኑ የተወሰነ ነበር፤ የመልእክት ማስቀመጫዎቹም ቁጥር ውሱን ነበር። ረዥም ጽሑፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ለማፍሰስ እንደ ቧንቧ አይመችም። ደግሞም ፕሮግራሙ ከፋይል ጋር ሲነጋገርና ከጎረቤቱ ጋር ሲነጋገር ልዩ ልዩ ቋንቋ ሊናገር ነው፤ ያ ደግሞ ቧንቧው ያስቀረው ድካም ነው። በአጠቃቀም ስፋት ከመዘንነው ዩኒክስ እንዳሸነፈ ምንም ጥርጥር የለውም።

ከዚህ የበረታው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። ቧንቧው ስለሚያሳልፈው ነገር ምንም አለማወቁ ጉድለት ሳይሆን ኀይል ነው የሚል ነው። በ1973 ቧንቧው ፊደል እንዲያውቅ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ የሚያውቀው የእንግሊዝኛን ፊደል ብቻ በሆነ ነበር፤ የእኛ ፊደል በ1999 ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ባገኘው ነበር። ቧንቧው መሃይም በመሆኑ ማናቸውንም ቋንቋ አሳለፈ። ይህ ክርክር ትክክል ነው፤ ከዚህ በላይ ስለ ተሰበሩ ፊደላት ያልነውንም ክብደት ይቀንሰዋል። የፊደሉን ወሰን መጠበቅ የቧንቧው ሳይሆን የጸሐፊውና የአንባቢው ፕሮግራም ሥራ መሆኑን እንቀበላለን።

ነገር ግን ክርክሩ እስከ ሞት ድረስ አይዘልቅም። ፊደል አለማወቅ ሌላ፣ የጎረቤትን ሞት አለመናገር ሌላ። ሞት ቋንቋ የለውም፤ ፕሮግራሙ አማርኛ ይላክ፣ ሥዕል ይላክ፣ ቁጥር ይላክ፣ መሞቱ ያው ነው። ከርነሉም ነገሩን ያውቃል፤ ለወላጁ የሚናገረው ስለሚያውቅ አይደለምን? «ከእንግዲህ የለም» በሚለው ቃል ላይ «በሰላም» ወይም «በድንገት» የሚል አንድ ተጨማሪ ቃል ቢኖር፣ ቧንቧው ስለ መልእክቱ ይዘት አንዲት ነገር ማወቅ ሳያስፈልገው ዝርዝር አሰላፊው ፕሮግራም የደረሰውን ከማሳለፉ በፊት ለመቆም በቻለ ነበር። እርግጥ ነው፣ ፋይል እንዲህ ያለ ቃል ስለሌለው በፋይልና በቧንቧ መካከል ያለው መመሳሰል በዚህች ነጥብ ይፈርስ ነበር። ለእኛ የሚመስለን ሠሪዎቹ ያን መመሳሰል እጅግ ስለወደዱት ነው። ቧንቧ ግን ፋይል አይደለም። ፋይል ተጽፎ ያለቀ ነገር ነው፤ በቧንቧው ጫፍ ያለው ግን ገና እየሠራ ያለ፣ ሊሞትም የሚችል ነው።

በተግባር የተደረገው መሻሻል እጅግ ዘግይቶ መጣ። በ2004 ባሽ የተባለው ሼል በሦስተኛው ዕትሙ ፓይፕፌይል የሚባል ምርጫ ጨመረ፤ ይህ ምርጫ ሲታዘዝ፣ ከተቀጣጠሉት ፕሮግራሞች አንዱ እንኳ ቢወድቅ ሼሉ መውደቁን ለሰው ይናገራል። ፖዚክስ በተባለው የዩኒክስ ሥርዐቶች የጋራ ደንብ ውስጥ የገባው ግን በ2024 ነው፤ ይህም ቧንቧው ከተሠራ ከ51 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ምርጫው አሁንም ካልታዘዘ በራሱ አይሠራም፤ ትእዛዙን ያልጻፈ ሰው የዱሮው ልማድ ይጠብቀዋል። በላቦራቶሪ የምንጽፋቸውን ትእዛዞች ስንጀምር ይህችን አንድ መስመር ማስገባት ትርፍ ድካም አይደለም፤ መምህራኖቻችንም በመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ውስጥ ቢያስገቡልን ደስ ይለናል።

ሆኖም ፓይፕፌይል የሚናገረው ለወላጁ እንጂ ለጎረቤቱ አይደለም፤ የሚናገረውም ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። በሬጅስትራሩ ምሳሌያችን «አንዱ ወድቋል» የሚለው ቃል በመስኮቱ ላይ በሚታይበት ጊዜ፣ ሦስተኛው ፕሮግራም 1800ውን ስም አትሞ ጨርሷል፤ ወረቀቱም በማተሚያው መሳቢያ ላይ ተቀምጧል።